«የት የት አየህ?»

ስለ ፖለቲካ የሚጽፍ ሰው ስለ መስታወት ቁራጭ ሲያወጋ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው ያመራል።

ሬዚደንት ሳለሁ ከአንዲት የጡት ካንሰር ታማሚ ብብት የወጣ ንፍፊት መርምሬ «ካንሰር የለበትም» ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት አስተማሪዬ ስላይዱን ተቀብለው ከንፍፊቱ ሽፋን ሥር፣ በጠርዙ በኩል፣ የተሸሸጉ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት አሳዩኝ። አልተቆጡም። «ምን አየህ?» ብለውም አልጠየቁኝም። «የት የት አየህ?» ነበር ያሉት። መልስ አልነበረኝም።

ዛሬ ጠያቂው እኔ ነኝ፤ ልዩነቱ መልሱን ማየት መቻሌ ነው። ስካነር ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አንሥቶ አንድ ምስል ያደርገዋል፤ ተማሪው በኮምፒዩተር እንደ ካርታ ከሩቅ ወደ ቅርብ እየገባ ያስሰዋል። አንዳንዱ ሶፍትዌር የተመላለሰበትን መንገድ ሁሉ ይመዘግባል። ብዙ ሰው በአንድነት በሚያይበት ማይክሮስኮፕ ግን ስላይዱን የሚያንቀሳቅሰው አስተማሪው ነው። በስልክ የሚነሣው ፎቶ ደግሞ ይብሳል፤ ፎቶው ሲነሣ ፍለጋው አልቋልና። ተማሪው ካንሰርን መለየት ይማር ይሆናል፣ መፈለግን ግን አይማርም።

እርግጥ ጉድለት አለው። በመስታወቱ ላይ ትኩረቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ የሕዋሱን ጥልቀት ማየት ይቻላል፤ በተለመደው የስካነር ምስል አይቻልም። ቢሆንም አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ሥርዓት ለማስተማሪያ ብቻ ሳይሆን ለምርመራ ውሳኔ ጭምር ፈቅዳለች።

የአንድ ስላይድ ምስል ከአንድ ጊጋባይት ሊበልጥ ይችላል። የእኛዎቹ የተቀመጡት ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ነበር። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ፤ ያውም በኮሮና ምክንያት ተማሪን በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ መሰብሰብ በማይቻልበት ጊዜ። አንድ ባልደረባዬ «ሰው እየሞተ አንተ ስለ ስላይድ ታወራለህ» አለኝ። ሰው እየሞተ መሆኑን አልካድኩም። ግን ንፍፊቷ በስሕተት የተነበበባት ሴትስ ከየትኛው መዝገብ ትቈጠር? የዘጋው አካል ይህን አልተጠየቀም፤ የሚጠይቀውም አልነበረም።

ያን ሰሞን የድሮውን የስላይድ ሳጥን አወጣን። የአንዳንዱ ቀለም ደብዝዟል፤ ብርቅ ከሆኑት አንዱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

አሁን ምስሎቹን ሁሉ ቢሮዬ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጫለሁ። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይከፈታሉ። የመብራቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው።