ቆራርጬ አስተካክዬልዎታለሁ

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ከዱራሜ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው፣ ሁላችሁም ከምታውቋት የፍላሽ ማስጫኛ ሱቅ ተመልሼ ይህን ስጽፍ ቍጣዬ ገና አልበረደም። የእኅቴ ልጅ ከጆሃንስበርግ በቴሌግራም የላከልኝን ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አንድ ወጥ የሃውስ ሙዚቃ ሚክስ፣ ኔትወርኩ በቸርነቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ካደረ በኋላ፣ በቤት ባለው የጂፓስ ማጫወቻ እሰማው ዘንድ ወደ ፍላሽ ይገለብጥልኝ ብዬ ስልኬን ለልጁ አስረክቤ፣ ሻይ ጠጥቼ እስክመለስ ድረስ ሥራውን ከላይ እስከ ታች ቆራርጦ፣ በየቍራጩም ራስ ላይ የሱቁን ስምና የስልክ ቍጥር የሚለፍፍ የገዛ ድምፁን አስገብቶ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ረጅም ዘፈን ማን ይሰማል? ቆራርጬ አስተካክዬልዎታለሁ፤ ለመቁረጫው ምንም አልጨምርብዎትም» ብሎ በፍጹም ደግነት አስረከበኝ። የአልበሙ ስም «ቸርች ግሩቭስ» ስለ ሆነም «መዝሙር» በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ከመዘምራኑ ቀጥሎ፣ በክብር አኑሮልኛል።

በልጁ አልፈርድም፤ ሳቄም መጥቷል። ነገር ግን የተቆረጠው ምን እንደ ሆነ ሳልናገር ባልፍ ዕንቅልፍ አይወስደኝም።

ያንን ሚክስ ያቀናበረው ኦስኪዶ፣ በእውነተኛ ስሙ ኦስካር ምድሎንግዋ፣ በጆሃንስበርግ ሂልብሮው በሚባለው ሰፈር፣ ራዝማታዝ ከተባለው ናይት ክለብ ደጃፍ ላይ ቋሊማ እየጠበሰ በዳቦ ይሸጥ የነበረ፣ በኋላም ወደ ውስጥ ገብቶ ሙዚቃ የማጫወት ዕድል ያገኘ ሰው ነው። እኔ የዚህን ሰው ችሎታ ከመሣሪያው ይልቅ ከዚያ ከደጃፉ እጀምረዋለሁ፤ ማን ተርቦ እንደሚገባ፣ ማን ተጣልቶ እንደሚወጣ፣ ሕዝቡ በስንት ሰዓት እንደሚደክም ለማወቅ ከበር ላይ ቋሊማ ሻጭ የተሻለ ስፍራ ያለው ማን ነው? የእኅቴም ልጅ ሙዚቃውን የለመደው ክለብ ገብቶ አይደለም። በሚሠራበት ስፓዛ፣ ማለትም በሰፈር ሱቅ ውስጥ፣ እስከ ጣሪያ በሚደርስ የብረት ፍርግርግ ተከልሎ፣ ሳሙናና ዳቦ በጠባቧ ቀዳዳ እያቀበለ፣ ከማዶ ካለው መሸታ ቤት የሚመጣውን ምት በየዓርቡ ሌሊት ሲሰማ ኖሮ ነው። መስማት እንጂ መሻገር አይሆንለትም፤ ለምን እንደማይሆንለት ከሆሳዕና እስከ ሺንሺቾ ልጁን ወደዚያ አገር የሸኘ ቤት ሁሉ ያውቀዋልና አልዘረዝርም። በየጊዜው የሚልክልኝ ገንዘብ አይደለም፤ ገንዘቡ ለእናቱ ነው። ለእኔ የሚልከው ያንን ከፍርግርጉ ማዶ የሚሰማውን ሌሊት ነው።

እንግዲህ ወደ ዲጄው ልመለስ፤ በአንድ ክለብ ተቀጥሮ ዘወትር የሚያጫውት ዲጄና በእንግድነት ተጠርቶ የሚመጣ ዲጄ ለየቅል ናቸው። እንግዳው በመንፈቀ ሌሊት፣ ቤቱ ሞልቶ ከሞቀ በኋላ መጥቶ፣ ያለውን ምርጥ ምርጡን በሁለት ሰዓት ውስጥ አፍስሶ፣ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል። የቤቱ ዲጄ ግን አስተናጋጆቹ ገና ወንበር ሲያስተካክሉ ይጀምራል፤ ባዶውን ወለል ያለ ኀፍረት ይቀበላል፤ የመጀመሪያዋ ልጅ ትከሻዋን እስክታነቃንቅ ድረስ በጽሙና ይጠብቃል። የሃውስ ምት በደቂቃ ከመቶ ሃያ ብዙም ሳይርቅ ሲመላለስ፣ እርሱ በአንድ ጆሮው የሚሰማውን ዘፈንና በሌላው ጆሮው በሄድፎን የሚመጣውን እያዳመጠ፣ የሁለቱን ከበሮ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ፣ የሚሄደውን ባስ ቀስ አድርጎ እየነሣ፣ የሚመጣውን ባስ በምትኩ እየተከለ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሁለቱን ዘፈኖች የማይታወቅ ሦስተኛ ዘፈን አድርጎ ያቆያቸዋል። ያ ሦስተኛው ዘፈን በየትኛውም ሸክላ ላይ የለም። የሱቁ ልጅ መቀሱን ያሳረፈው በትክክል እዚያ ላይ ነው።

ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ነገር ያለ አስተማሪ ይገባዋል። በቁም ዜማ ይጀመራል፤ ከዚያ መቋሚያው እየዘመመ ዝማሜው ይመጣል፤ ከበሮና ጸናጽሉ በመረግድ ቀስ ብለው ይነሣሉ፤ ጽፋቱ የሚደርሰው ሌሊቱ ሲደርስ ነው። መሪጌታው ጽፋቱን በመጀመሪያ ቢያመጣው ሌሊቱ በምን ያልቃል? ስለ ቅድስናው ሳይሆን ስለ ሥርዐቱ መናገሬ ነውና «ቤተ ክርስቲያንን ከጭፈራ ቤት አወዳደረ» ብሎ በኮሜንት የሚመጣብኝ ወንድም ቢኖር፣ እባክህ በመጀመሪያ አንድ ሌሊት ቆመህ እደር።

ሌሊት ማደር ካነሣሁ ዘንዳ ያለፈው ጥር ሠርግ ትዝ አለኝና ልተንፍሰው። ሙሽራዋም ሙሽራውም የእኛው ልጆች ስለ ሆኑ ስም አልጠራም፤ ለሳውንዱ የተከፈለውንም ገንዘብ አልናገርም፣ የሙሽራው አባት ይህን ገጽ ያነባሉና። ዲጄ ተብሎ የመጣው ጎልማሳ እያንዳንዱን ዘፈን ሰላሳ ሴኮንድ ያህል ካሰማ በኋላ በሳይረን ድምፅ እየቆረጠ፣ በመካከሉም የገዛ ስሙን በማይክራፎን ሲደጋግም አደረ፤ እኔ ውዳሴ ከንቱ ምን ማለት እንደ ሆነ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በግልጥ አላየሁም፤ ስመ እግዚአብሔር እንኳ በዚያ ሌሊት የዚያን ሰው ስም ያህል አልተጠራም። የሙሽራው አያት፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ የዘለለ ሽማግሌ፣ በብዙ ልመና ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ዘንጋቸውን ለልጅ ልጃቸው አስይዘው፣ ከዘፈኑ ጋራ ለመስማማት ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ትከሻቸውን አንድ ጊዜ ሰበቅ ቢያደርጉ፣ ዘፈኑ ተቆርጦ ሌላ ገባ። ትከሻቸው ወደ ላይ እንደ ወጣ ቀረ። ዲጄው «ዱራሜዎች፣ እጅ ወደ ላይ!» አለ፤ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተቀብለው ወደ ቆጯቸው ተመለሱ። በዚያች ሌሊት የተሰማው ብቸኛ የለሰለሰ ሽግግር መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የነበረው ነው። እኔም ጄኔሬተሩ ባይነሣ ብዬ ተመኝቼአለሁ፤ ክትፎው በጨለማም ይበላ ነበር።

ይህን ሁሉ ያልሁት ዲጄነትን ለመንቀፍ አይደለም። ትዕግሥት አገራችን የማታውቀው ነገር ሆኖም አይደለም። ሰዓት እላፊ በታወጀበት በደርግ ዘመን፣ ወደ አዲስ አበባ ሒልተን የገባ ሰው የሚወጣው ሲነጋ ነበር፤ የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ የዚያ ቤት ቋሚ ተጫዋቾች ሆነው፣ ከእራት እስከ ጎሕ ድረስ የሚፈጀውን ሰዓት ያንኑ ሕዝብ እያዩ መሙላት ነበረባቸው። «ትዝታ» የተባለው፣ ዘፋኝ የሌለበት ካሴታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ፣ በየሌሊቱ አንድን ቤት ያገለገሉ እጆች ሥራ እንደ ሆነ ኦርጋኑ ራሱ ይመሰክራል፤ አይቸኩልም፣ ራሱን አያስተዋውቅም፣ ተጋባዡ ሳህኑን ገፍቶ እስኪነሣ ድረስ ይጠብቃል። ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋራ በጊዮን ሆቴል የሠራው «ወደ ሐረር ጉዞ»ም እንደዚያው ነው። በሸክላ አጫዋች ፈንታ ባንድ ነበረን እንጂ የቤት አጫዋች አልነበረንም የሚል ሰው ቢኖር እነዚህን ሁለት ካሴቶች ይስማ፤ ዛሬ ሁለቱም በባሕር ማዶ ታትመው እንደ አዲስ ይሸጣሉ።

በውጭው ዓለምማ ነገሩ ራሱን የቻለ መዝገብ ሆኗል። የሎንዶኑ ናይት ክለብ ፋብሪክ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፍቶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚክስ ሲዲዎቹን ማሳተም ሲጀምር የመጀመሪያውን የሰጠው በስም ለገነነ እንግዳ ሳይሆን ለቤቱ ሰው ለክሬግ ሪቻርድስ ነው፤ ተከታታዩም በ2018 መቶ ቍጥር ሲሞላ ያው ሰው ከጓደኞቹ ጋራ መዝጊያውን ሠራ። በርሊን ውስጥ፣ በቀድሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው በርግሃይን፣ ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለበት፣ በስልክ ካሜራ ላይ ተለጣፊ ወረቀት የሚለጠፍበት ቤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ማርሴል ዴትማን፣ በ2010 ደግሞ ቤን ክሎክ ያወጧቸው የቴክኖ ሚክሶች ግን ፎቶግራፍ የማይነግረንን የዚያን ግድግዳ ስፋት ይነግሩናል። እኔን ይልቅ የሚያሳዝነኝ የኒው ዮርኩ ዲጄ ላሪ ሌቫን ነው። ከመኪና ማቆሚያነት ወደ ዳንስ ቤትነት በተለወጠው በፓራዳይዝ ጋራዥ ውስጥ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 እስኪዘጋ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ነግሦ፣ በ1992 ሞተ፤ በ1979 በዚያ ቤት ያጫወተው ተቀርጾ የተገኘው ሌሊት በሲዲ የወጣው ግን እርሱ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ካጫወተው እጅግ ጥቂቱ ብቻ ተረፈ። ሲዲ ደግሞ ከሰማንያ ደቂቃ በላይ አይችልምና፣ ከማታ እስከ ንጋት የቆየውን ሌሊት በሰማንያ ደቂቃ ማሳጠር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ የሚቆረጠውን ዲጄው ራሱ አስቀድሞ ቆርጦታል፣ ከዚያ ወዲያ ለፍላሽ ሱቅ የተተወ ትርፍ የለውም።

ሮፍናን ከዲጄነት ተነሥቶ በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ፣ የሙዚቃ ባለሙያዎቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉም የኤሌክትሮኒክ ሥራቸውን በባሕር ማዶ ሲያሳትሙ ደስ ብሎኛል፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። እነዚያ ግን የደራሲ ሥራዎች ናቸው። የአንድ ቤት ሌሊት፣ የገቢውና የወጪው፣ የሞቀውና የቀዘቀዘው፣ ሳይቆረጥ የተቀረጸበት ሥራ ከአዲስ አበባም ሲመጣልኝ አላየሁም፤ ከዱራሜማ ማን ያስበዋል?

እኔ አስቤዋለሁ። በመስቀል በዓላችን፣ በመሳላ ሰሞን ከአዲስ አበባም ከደቡብ አፍሪካም የተመለሰው ልጅ ሁሉ ከተማውን ሞልቶ፣ ሐምበሪቾ ተራራን በሰባት መቶ ሰባ ሰባቱ ደረጃ ወጥቶ የወረደው እግር እንኳ ማታ ለጭፈራ በሚነሣበት ጊዜ፣ በዚህ ከተማ በየሆቴሉ ግቢ የምታጫውቱ ልጆች፣ ከመካከላችሁ አንዱ፣ አንዱ ብቻ፣ መቅጃውን ከማታ ጀምሮ ክፍት ያድርግ። ባዶውን ግቢ ይቅዳው፤ አዛውንቱ ትከሻቸውን እስኪሰብቁ ይጠብቃቸው፤ ሳይረኑን እቤቱ ይተወው፤ ስሙንም በዚያች ሌሊት አይጥራው። ፍላሹን በራሴ ገንዘብ እገዛለሁ፤ ስምህንም፣ አንተ ልጅ፣ በሽፋኑ ላይ በቁም ጽሕፈት እኔው እጽፍልሃለሁ።