ልጄ ከመፈረሟ በፊት

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ደወለች። ግቢ ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነበር። «እማዬ፣ የኮስት ሼሪንግ ፎርም ሙሉ ተብለናል። ሁሉም ዝም ብሎ እየፈረመ ነው፤ እኔም ልፈርም?» አለችኝ። ወጥ እያማሰልኩ ነበር። ምድጃውን አጥፍቼ ተቀመጥኩና «ቆይ፤ መጀመሪያ አንብቢልኝ» አልኳት።

ለአንድ ፎርም ይህን ያህል ምን አስደነገጣት ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

የወጪ መጋራት አሠራር በ1996 ዓ.ም. ሲጀመር እኔ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ነበርኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያቀበሉኝን ወረቀት ሳላነብ ፈርሜ ወጣሁ። በየዓመቱም እንዲሁ። በ1998 ዓ.ም. ተመርቄ፣ ቴምፖዬን ይዤ አንድ አነስተኛ የግል ድርጅት ውስጥ ተቀጠርኩ። ድርጅቱ ከደመወዜ ምንም አልቆረጠም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንዲያውም ዕዳው የተረሳ መስሎኝ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ከደመወዜ ሦስት እጥፍ የሚከፍል ሥራ አገኘሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ የቀረው ኦሪጅናል ዲግሪዬን ማምጣት ብቻ ነበር። ወደ ተማርኩበት ግቢ ሄድኩ። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ስሜን ፈልጋ «እህቴ፣ የወጪ መጋራት ክሊራንስ አምጪ» አለችኝ። ዕዳዬ ከ6,000 ብር በላይ ነበር፤ የአራት ወር ደመወዜ ማለት ነው። ባለቤቴ ከዕቁብተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ዕጣ አስቀየረ፤ ከእህቴም ተበደርን። ከፍለን፣ ደረሰኝ ይዘን፣ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተን ዲግሪዬ እጄ ሲገባ ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ያለቀስኩትን እስካሁን አልረሳም።

ለዚህ ነው «አንብቢልኝ» ያልኳት። እናንተም ልጅ ግቢ የምትልኩ ከሆነ ስሌቱን ከእኔ ጋር እዩት።

ዕዳው በሦስት መስመር ይሰላል። አንደኛው የትምህርት ወጪ ነው። ደንቡ ተማሪው ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ይላል፤ የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምግብና መኝታ ናቸው። እነዚህ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ስም ይመዘገባሉ። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል፤ ሲመረቅ የዓመታቱ ተደምሮ አንድ ዕዳ ይሆናል።

ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል? ለአብዛኛው ተማሪ በእጁ አያልፍም። ትምህርቱ፣ ዶርሙና የካፌው ምግብ በአገልግሎት መልክ ይሰጡታል። ካፌ አልበላም ያለ፣ ማለትም ነን ካፌ የሆነ፣ የምግቡን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል። ልጄም እዚህ ላይ ስትደርስ ድምጿ ደመቀ። «እማዬ፣ ነን ካፌ ብሆን በየወሩ ብር ይሰጡኛል!»

«ይሰጡሻል ሳይሆን ያበድሩሻል በይ» አልኳት።

ማታ አባቷ ሲመጣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን፤ እሷ በስልክ። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመድበው ለረጅም ጊዜ በጣም አነስተኛ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለሆዷ ደስ ብሎኛል። ስናሰላው ግን በወር 3,000፣ በአሥር ወር 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር መጣ። ይህ ምግቡ ብቻ ነው።

አከፋፈሉስ? ተመራቂው ከምረቃ በኋላ ቢበዛ የአንድ ዓመት እፎይታ አለው። ከዚያ አሠሪው ቢያንስ የወር ገቢውን 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ደመወዟ 10,000 ብር ቢሆን በወር 1,000 ብር ነው። 120,000ውን ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጃል ማለት ነው። ደንቡ የሚሰጠው ጣሪያ 15 ዓመት ነው።

አባቷ ዝም ብሎ ቆየና «ልጄ በዕዳ አትማርም። እኔ እከፍላለሁ» አለ። በቅድሚያ ለሚከፍል 5 በመቶ ቅናሽ አለ፤ ሐሳቡ ከንቱ አልነበረም። ግን የታናሿ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ። «አባዬ፣ ተው» አለች እሷው። «የምበላው እኔ፣ የምማረው እኔ። ሠርቼ እከፍላለሁ።» አባቷ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔም ወደ ጓዳ ገባሁ።

በማግስቱ ፈረመች። ነን ካፌ መሆኑንም ተወችው፤ «ብሩ እጄ ላይ ካለ ለምግብ አይደርስም» አለች፤ ራሷን ታውቃለች። የውሉን ፎቶ ላከችልኝ፤ ማህደር ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ውድ አንባቢዎች፣ ዕዳውን ፍሩ እያልኩ አይደለም። እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችንን ያስተማረን ይኸው ብድር ነው። የየዓመቱን ውል ቅጂ ያዙ። ልጃችሁ ሥራ ስትይዝ በመጀመሪያው ወር ፔሮሉን ጠይቃ ታረጋግጥ፤ ካልተቆረጠ ዕዳው አልተማረም፣ እየጠበቃት ነው። መምህርነትን ለመረጡ ዕዳውን በአገልግሎት የሚተካ አሠራር ስላለ እሱንም አጣሩ። ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰበ ደግሞ ሻንጣ ከመግዛቱ በፊት ክሊራንሱን ይጨርስ።

እኔ ሳላነብ በፈረምኩት ወረቀት አንድ ሥራ አመለጠኝ። ልጄ ግን የፈረመችውን ታውቀዋለች።