ጣናና የአባቴ መንጠቆ

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ፣ ወረታ ከመድረሱ አስቀድሞ የጉማራን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ መንጭቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወደ ጣና ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። በክረምት ለሚያልፍ ሰው ደፍርሶ የሚወርደው ውኃና በግራ በቀኝ የተዘራው ሩዝ ይታየዋል፤ በዚያ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሽቅብ የሚጓዘው ሠራዊት ግን አይታየውም። ይኸውም እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቁ ወደ ላይኛው ወንዝ የሚወጣው ዓሣ ነው። እኔም ይህን አስቀድሜ ያወቅሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከአባቴ ነው።

ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ ከ14 ሜትር እምብዛም አያልፍም። ዓሣ አጥማጆች በውስጡ ያለውን ዓሣ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ብለው ይለዩታል። ነጭ ዓሣ የሚባለው ከዐሥር የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኙም።

አባቴ ገበሬ ነበሩ። በአገራችን ገበሬ ዘንድ ዓሣ ማጥመድ እንደ ዝቅተኛ ሥራ ተቆጥሮ ለነገደ ወይጦ የተተወ ነበር። እርሳቸው ግን ደንገል አስሮ ታንኳ መሥራትን ከአንድ የወይጦ ሽማግሌ ተማሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ያን ሰው «መምህሬ» ይሏቸው ነበር። ጎረቤት ሲያማቸውም፣ «ለመሆኑ ጴጥሮስ ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ከመመለስ በቀር አይቈጡም ነበር።

ገና ጎሕ ሲቀድ ታንኳችንን ወደ ውኃው እንገፋለን። አባቴ ከኋላ ሆነው በረጅም ዘንግ ይነዳሉ፤ እኔ ከፊት ሆኜ በመንጠቆው ላይ ትል እሰካለሁ። በዚያ ዘመን ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እማር ስለ ነበር፣ ዓሣው እስኪይዝ ድረስ የትናንቱን ትምህርት በለሆሳስ ያስደግሙኛል። አባቴ ፊደል አልቈጠሩም፤ ነገር ግን ዳዊት ሲደገም በመስማት ዕድሜያቸውን ስለ ፈጁ፣ ዐይናቸውን ከገመዱ ሳይነቅሉ፣ «ዘለልክ፤ መልሰው» ይሉኝ ነበር። ከሰዓት በኋላም ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ እንዳይበሰብስ ታንኳውን ከዳር አውጥተን ለፀሐይ እናሰጣዋለን።

ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ግን ወንዙ ከሐይቁ በሚገባበት ስፍራ ፈጽሞ አያጠምዱም ነበር። አንዳንድ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በወንዙ ላይ ይበትናሉ፤ ዓሣውም ደንዝዞ ሲንሳፈፍ ትልቁንም ትንሹንም በጆንያ ይሰበስቡታል። አባቴ ይህን ሲያዩ፣ «ምጥ የያዛትን ሴት መንገድ ላይ አያደፍጡባትም» ይሉ ነበር።

ቃሉ በችግር ቀን የተፈተነበት ጊዜም አለ። አዝመራችንን ጎርፍ በወሰደበት ዓመት፣ አንድ ነጋዴ በነሐሴ ወር መጥቶ በጉማራ መግቢያ መረብ ቢዘረጉለት ብዙ ገንዘብ ሊሰጣቸው ለመናቸው። በቤት ሰባት ልጆች ነበርን፤ እናታችንም ዝም ብላ ፊታቸውን ታይ ነበር። አባቴ ቡና አጠጥተው ሸኙት። ያን ዓመት ዘመን መለወጫን ያለ በግ በጎመን አሳለፍን።

ካደግሁ በኋላ ሊቃውንት ስለ ጣና ዓሣ የጻፉትን አነበብሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 እና በ2001 የተደረገው ጥናት ሲነጻጸር፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ ብዛት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል፤ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱም በመራቢያው ወራት በወንዞቹ መግቢያ የሚዘረጋው መረብ መሆኑ ተገልጿል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም የሐይቁን ዳርቻ በመሸፈን መከራውን አብዝቶታል።

ለአባታችን በየዓመቱ ተዝካር እናወጣለን፤ ካህናትም ይጸልዩላቸዋል። ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም የሞተ አባት የሚታሰበው በሚበላውና በሚጠጣው ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ሲጠበቅም ነው። ስለዚህ ልጄን ወደ ጣና የምወስደው በኅዳር ነው፤ በሐምሌ «እንሂድ» ቢለኝም ምክንያቱን እነግረዋለሁ። እናንተም ወገኖቼ፣ በክረምት ከገበያ ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ፣ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ከየት እንደ ተጠመደ ሻጩን ጠይቁት።