በሐረና ጫካ እንቁራሪት ፍለጋ

ከጎባ ተነሥተን የሰነቴን አምባ እንደ ተሻገርን፣ መኪናችን ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ትጠማዘዝ ጀመር። ተማሪዎቼ አንበሳ ለማየት ቋምጠዋል፤ እኔን ያመጣኝ ግን እንቁራሪት ነው!

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 በሳይንስ የታወቀችው ይህች ራሷ አጠር ያለ እንቁራሪት ከዚሁ ጫካ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። በ2013 የታተመ ጥናት ቁጥሯ እጅግ መመንመኑን ገልጿል።

ከአስታው ዛፍ ሥር የወደቀውን ግንድ ቀስ ብለን አንሥተን፣ አይተን፣ እንደ ነበረ እንመልሳለን፤ ጣራዋ ነውና። ወገቡን ለሚያመው ሰው አልመክርም። አላገኘናትም።

ከብት የሚነዱ ሽማግሌ ቆመው አዩን። ዛፉ የተቆረጠበት፣ ከብት የረገጠው መሬት ጥላውንና እርጥበቱን እንደሚያጣ አንዱ ተማሪ በኦሮምኛ አስረዳቸው። በጥሞና ሰሙና፣ «እሺ ልጄ፣ ታዲያ ከብቶቼ የት ይዋሉ?» አሉት። ተማሪው ዞሮ እኔን ተመለከተኝ።