ዴሊቨሪ ወይስ ሙያ?

የእህቴ ልጅ በዲቪ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተጋርቶ እየኖረ ምግብ ያደርሳል። ሰሞኑን «አጎቴ፣ ኤሌክትሪክ ልማር ወይስ በዴሊቨሪው ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የብዙ ልጆቻችን ስለሆነ መልሴን እዚህም እጽፈዋለሁ።

ዴሊቨሪን አልንቅም። እንግሊዝኛው ገና ያልተፈታለት ልጅ፣ መኪናና መንጃ ፈቃድ ካለው፣ ማንንም ሳይለምን ሥራ ይጀምራል። ኪራዩን ይከፍላል፣ ለእናቱ ይልካል፣ ዕቁቡን ይጥላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የማይዋጥልኝ ሒሳቡ ነው። ማታ አፑ 180 ዶላር ሲያሳየው ሁሉም የእሱ ይመስለዋል። የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት አይአርኤስ ግን ለ2025 ለሥራ የተነዳን አንድ ማይል ወጪ በ70 ሳንቲም አስልቶታል፤ ጋዙ፣ ጎማው፣ ኢንሹራንሱና የመኪናው ማርጀት ሁሉ በዚያ ውስጥ ነው። 100 ማይል ነድቶ ከሆነ በዚህ ስሌት 70 ዶላሩ የመኪናው ነው። መኪናው ጋዝ ቆጣቢ ቢሆን እንኳ ይቀንስለታል እንጂ አይቀርለትም። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳይሆን በግሉ፣ ስለሚሠራ አሠሪ የሚጋራው ነገር የለም፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚከፈለውን 15.3 በመቶ ከትርፉ ላይ ብቻውን ይከፍላል። ተራ የመኪና ኢንሹራንስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዴሊቨሪን አይሸፍንም፤ ይህን ከተጋጩ በኋላ የሚሰሙ አሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ አምስተኛው ዓመት ነው። አምስት ዓመት የነዳ ሰው ትናንት ከጀመረው ጋር እኩል ተሰልፎ ትእዛዝ ይጠብቃል። ታክሲ እየነዱ ልጅ ያስተማሩ ታላላቆቻችን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ማብቂያ ወዲህ የአፕ መኪኖች ዋሽንግተንን ሲሞሏት ገቢያቸው እንዴት እንደወረደ አይተናል። የተማሩት መንገዱን ነበር፤ መንገዱን ስልክ ያዘው።

ኤሌክትሪክ የሚማርበት አፕረንቲስሺፕ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ገንዘብ ተከፍሎበት የሚማሩት ኮሌጅ ይመስለናል፤ እውነቱ ግን ቀን ሳይት ላይ እየሠራህ ይከፈልሃል፣ ክፍል ገብተህ ደግሞ ትማራለህ። በመንግሥት የተመዘገበ ከሆነ፣ ችሎታህ እያደገ ሲሄድ ደመወዝህም አብሮ እንዲጨምር ደንቡ ያስገድዳል። ላናም፣ ሜሪላንድ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ዩኒየን የሆነው የአይቢኢደብሊው ሎካል 26 ማሠልጠኛ አለ። የዚህ ዩኒየን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ሥልጠና በተለምዶ አምስት ዓመት ነው፤ የሥራ ላይ ልምምዱ ብቻ ወደ 8,000 ሰዓት ይሆናል። የሚጠየቀው የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ ወይም ጂኢዲ፣ የአልጄብራና የንባብ ፈተና፣ ከዚያም ቃለ መጠይቅ ነው። እዚሁ አጠገባችን አሽበርን ደግሞ የዳታ ሴንተር ግንባታው አላባራም፤ ያለ ኤሌክትሪሺያን አንዱም አይሠራም።

አልጄብራው ለእኛ ልጆች ከባድ አይደለም። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ልጅ ትንሽ ቢከልሰው ይመለስለታል። የሚያስቸግረው ንባቡ ነው፤ እሱን ከወዲሁ መለማመድ ያስፈልጋል።

ሌላም ችግር አለብን፤ በእጁ የሚሠራን ሰው መናቅ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም «አሜሪካ ሄዶ ሽቦ ይጎትታል» መባልን የምንፈራ አለን። እኔ የእህቴን ልጅ የሠራተኛ ቆብ አድርጎ ባየው እኮራለሁ።

ቀላል ነው አልልም። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ ያነሰ ነው፤ ሚስትና ልጆች ላለው በጣም ይጠብባል። ብርዱ አለ፣ መሰላሉ አለ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መነሣት አለ። ካመለከቱ በኋላ እስኪጠሩም ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው ዛሬውኑ ዴሊቨሪውን ተው ያላልኩት። እየነዳ ያመልክት፤ ሲገባም ቅዳሜና እሁድ ነድቶ የጎደለውን ይሙላ። ዕድሜው ሃምሳ ላለፈ፣ ወገቡ ለታመመ ወይም ልጅ ከትምህርት ቤት የሚያመጣ ሌላ ለሌለው ሰው ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ለሃያ አራት ዓመት ልጅ ግን አላመነታም። ለእህቶቹም እንደዚያው፤ ሥራው የወንድ ብቻ አይደለም።

የአገር ቤት የትምህርት ማስረጃችሁን አስተርጉማችሁና አስገምግማችሁ አሁኑኑ ያዙ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው እሱ ነው። ለፈተናው አብሮ የሚያጠና የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከእህቴ ልጅ ጋር ልንጀምር ነው፤ ጠረጴዛው ለአራትና ለአምስት ሰው ይበቃል።