ገበያ የወጣው ጠቦትና ቤት የቀረው

የፋሲካ ሰሞን ከመንዝ ወደ ገበያ የሚነዱትን በጎች ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል፦ ቶሎ ያደገው፣ ጀርባው የሞላው ጠቦት ቀድሞ ይሸጣል። ደህና ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነው፤ ማዳበሪያው፣ የልጆቹ ደብተር ሁሉ ከእሱ ይጠበቃል። ቤት የሚቀረው ቀጫጫው ነው፤ የከርሞዎቹ ግልገሎች አባትም እሱ ይሆናል።

ዴንማርክ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በየገጠሩ መንገድ በሚያልፋቸው ረጃጅም የአሳማ በረቶች ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ምርጡ ለዘር ይቀራል፤ ሌላው ወደ ቄራ ይሄዳል። ወደ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት አገር በዓመት 30 ሚሊዮን ገደማ አሳማ የምታመርተው በዚህ ጥንቃቄ ጭምር ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ አሳማ ባይበላም፣ የነገዋ እናት እንዴት እንደምትመረጥ ማወቁ ለበግ አርቢም ይበጃል።

ዴንማርካውያን ግን ለብዛት ሲመርጡ ሌላ ችግር ገጠማቸው። የዛሬዋ እናት አሳማ በአንድ ወሊድ በአማካይ ከ17 በላይ ግልገሎች በሕይወት ትወልዳለች፤ ጡቷ ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው። ማሕፀን ሲጣበብ ከ1 ኪሎ በታች ሆነው የሚወለዱ ይበረክታሉ። የአሳማ ግልገል በሽታ መከላከያውን በማሕፀን ሳለ ከእናቱ አያገኝም፤ ያለው ተስፋ በመጀመሪያው ቀን የሚጠባው እንገር ነው። ደካማው ደግሞ በወንድሞቹ ተገፍቶ ከጡት ይርቃል።

ከእነዚህ ትንንሾች አንዷ ሴት ብትሆንና ብትተርፍስ? በብራዚል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሲወለዱ ከ1 ኪሎ በታች የነበሩትን ሴቶች እስከ ሦስተኛ ወሊዳቸው ተከታትሎ፣ የሚወልዱት ግልገል ቁጥር አነስተኛ እንደሆነና ከመንጋው ቶሎ እንደሚወጡ አሳይቷል። በኋላ በልታ ብትፋፋ እንኳ የመጀመሪያው ቀን ጉዳት አብሯት ያድጋል። ስለዚህ ለእናትነት የምትታጨዋ ገና ስትወለድ ብትመዘን ይሻላል።

አገር ቤትም ሚዛኑ ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በመንዝ፣ በሆሮና በቦንጋ ገበሬዎች መንጋቸውን አስተባብረው፣ ግልገሎችን በጆሮ ቁጥር እየለዩ፣ በተወለዱበት ጊዜና በስድስት ወራቸው እየመዘኑ አውራውን በጋራ ይመርጣሉ። የተመረጠው ጠቦት ለበዓል አይሸጥም፤ በአርቢዎቹ መካከል ይዘዋወራል። በቦንጋ የስድስት ወር ክብደቱ በዘር ምርጫው ብቻ በዓመት ወደ 0.2 ኪሎ ጨምሯል።

ቦንጋዎች መንታ ለሚወልዱ እናቶችም ዋጋ ይሰጣሉ። መንታ ግልገል ግን ከነጠላው ቀለል ብሎ ይወለዳል፤ ዴንማርካውያን የተቸገሩበት መንገድም ከዚሁ ይጀምራል። በመዝገቡ ላይ ከመንታው ቁጥር ጎን የተጻፈው የልደት ክብደት ሴቷን ለማስቀረት ሲታሰብ አብሮ ሊነበብ ይገባል።