የክት ሌንስና የዘወትር ሌንስ

የአገራችን ሰው ልብሱን በሁለት ከፍሎ ያያል። አንዱን የክት ይለዋል፤ ሌላውን የዘወትር። የክቱ ታጥፎ በሣጥን ይቀመጥና ሠርግ ወይም በዓል ሲመጣ ይወጣል። የዘወትሩ ግን ገበያውንም፣ ሥራውንም፣ ጭቃውንም አብሮ ይውላል። የክቱን በየቀኑ ልልበስ የሚል ሰው ቢገኝ ሀብታም ነው አይባልም፤ የልብስ አያያዝ አያውቅም ይባላል እንጂ። እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ያባቶቻችን አከፋፈል ለፎቶግራፍ ሌንስም እንደሚያገለግል ዛሬ ላጫውትዎ አስቤአለሁ።

የእኔ እንጀራ ሠርግ ማንሣት ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሙሽራዪቱ ቤት እስከ ድግሱ አዳራሽ ድረስ ሙሽሮችን ተከትዬ እውላለሁ። ለዚህ ሥራ የያዝሁት ካሜራ ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ፎር የሚባለው ሲሆን፣ ከፊቱ የሚገጠመው ሌንስ ደግሞ ከ24 እስከ 70 ሚሊሜትር የሚረዝምና የሚያጥር፣ በየትኛውም ልክ ላይ እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈት ነው። ስለዚህ ሌንስ ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሚዜዎቹ ሲጨፍሩ በሰፊው፣ የሙሽራዪቱ እናት ስታለቅስ በቅርቡ፣ እኔ ከቆምሁበት ሳልነቃነቅ ያነሣልኛል። የሠርግ ሰዓት አይደገምምና እንዲህ ያለ መሣሪያ ግድ ያስፈልጋል።

ነገር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ቤት አለኝ። 80 ዓመት ያለፋት እናቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጧት ጎመን ስትቀነጥስ፣ ማታ ቡናዋን አፍልታ የልጅ ልጇን ከጎኗ አስቀምጣ ስታወጋ ማንሣት እወዳለሁ። ማንም ሰው ገንዘብ የማይከፍልባቸው እነዚህ ፎቶግራፎች ከሠርጉ ሁሉ ይበልጡብኛል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሙሽሮችን የሚያነሣ ባለሙያ በከተማው ሞልቷል፤ የእናቴን ማታ የሚያነሣ ግን ከእኔ በቀር የለም፤ ማታዎቹም ቢሆኑ ማለቂያ የሌላቸው አይደሉም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻዬ ይታመም ጀመር። በመጀመሪያ እሑድ ማታ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ እስከ ረቡዕ ዘለቀ። ሐኪም ዘንድ ብሄድ መርምሮ ሲያበቃ፣ «ሥራዎን ይተዉ አልልዎትም፤ ከሥራ ውጭ የሚሸከሙትን ግን ይቀንሱ» አለኝ። ምክሩ መልካም ነው። ለእኔ ግን ትርጉሙ ከባድ ሆነብኝ፤ ከሥራ ውጭ የምሸከመው ያው እናቴን የማነሣበት ካሜራ ነውና። እንጀራዬን ላቆይ ብዬ የቤቴን ማታ ልተው ነውን? ወይስ ሌላ ዘዴ ይገኛል? ቀለል ያለ የዘወትር ሌንስ ፍለጋ የገባሁት በዚህ ሐሳብ ተይዤ ነው።

አስቀድሜ ያደረግሁት ነገር ሸክሜን መመዘን ነበር። ካሜራውን ከነሌንሱ ይዤ ወደ ሰፈራችን ባለሱቅ ሄድሁና ሚዛኑ ላይ አስቀመጥሁት። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ700 ግራም አለፍ አለ። ባለሱቁ አየና ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስኳር አንገትዎ ላይ አንጠልጥለው ነው ቀኑን ሙሉ የሚዞሩት?» አለኝ። እውነቱን ነው። ፋብሪካው በሚሰጠው መግለጫ ካሜራው ከነባትሪው 890 ግራም፣ ሌንሱ 805 ግራም ነው፤ ድምሩ 1,695 ግራም ይሆናል፤ የተረፈው የማንገቻው ነው። ካሜራውን ካልለወጥሁ በቀር 890ው አይነካም፤ የሚቀነሰው ከሌንሱ ብቻ ነው።

ሌንሱ ስለ ምን እንዲህ ከበደ ቢሉ ምሥጢሩ ይህ ነው። ፉል ፍሬም በሚባለው የካሜራ ዓይነት ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ 43 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሌንሱ ይህን ሁሉ ስፋት እስከ ዳሩ ድረስ ጥርት አድርጎ መሸፈን አለበት። በዚህ ላይ ከ24 እስከ 70 ይለዋወጥ፣ በዚያም ሁሉ ላይ ኤፍ 2.8 ይከፈት ሲባል፣ ሠሪዎቹ በውስጡ 18 መስተዋቶች ደርድረዋል። አንዱ መስተዋት ያጣመመውን ሌላው ያቃናል፤ ሲረዝምና ሲያጥርም በየቡድናቸው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታሉ። በአንድ ልክ ላይ ጸንቶ የሚኖረው ባለ 50 ሚሊሜትሩ ኤፍ 1.8 ሌንስ ግን 6 መስተዋቶች ብቻ ይበቁታል። ልዩነቱን ትከሻ ከዓይን ቀድሞ ያውቀዋል።

የሚያስገርመው ደግሞ፣ ዛሬ ትልቅ የምንለው ይህ ሰሌዳ ልኩን ያገኘው ሸክም ካስቸገረው ሰው መሆኑ ነው። በጀርመን አገር በቬትስላር ከተማ፣ በላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ አስም ነበረበት። በዚያን ዘመን የነበረውን ባለ መስተዋት ሰሌዳ ትልቅ ካሜራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ስላቃተው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1913 እና በ1914 ገደማ የሲኒማ ፊልም የሚጎርስ ትንሽ ካሜራ ለራሱ ሠራ። የሲኒማውን 18 በ24 ሚሊሜትር ክፈፍ እጥፍ አድርጎ 24 በ36 አደረገው። ላይካ የተባለው ካሜራ ከዚህ ተወልዶ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ቀረበ፤ ከፊቱ የነበረውም አንድ ትንሽ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነበር። እንግዲህ የዚህ ካሜራ አያት የተሠራው ሰው ሳይደክም ይዞት እንዲወጣ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ለእኔ ካሜራ የሚስማሙትን ሌንሶች ክብደት በወረቀት ጻፍሁ። ከ24 እስከ 70 የሚደርሰው ባለ ኤፍ 4 ሌንስ 600 ግራም ነው፤ 205 ግራም ያተርፋል። ብዙ ሰው ለዘወትር የሚያመሰግነው ከ24 እስከ 105 የሚደርሰው ሌንስ፣ ሁለተኛው ዓይነቱ 795 ግራም ነው። ከእኔ ጋር ያለው ልዩነት አሥር ግራም ብቻ! ይህ ሌላ ጥቅም ይኖረው ይሆናል እንጂ ለትከሻ ዕረፍት አይሆንም። ልካቸው ከማይለዋወጠው ወገን ደግሞ ባለ 35ቱ ኤፍ 2 335 ግራም፣ ባለ 50ው ኤፍ 1.8 160 ግራም፣ ባለ 40ው ኤፍ 2.8 130 ግራም ሆነው አገኘኋቸው። ይህ የመጨረሻው ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ካሜራው ላይ ሲገጠም ክዳን እንጂ ሌንስ አይመስልም።

ይሁን እንጂ አንባቢ ሆይ፣ በክብደት ብቻ የሚመረጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባንድ ቀን ባለቀ ነበር። ለዓይንዎ የሚስማማው ልክ የትኛው ነው? ይህን ለማወቅ ገንዘብ የማያስወጡ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው፣ ካሜራው ባነሡት ፎቶግራፍ ሁሉ ላይ ስንት ሚሊሜትር ላይ እንደነበረ መዝግቦ ያስቀምጣል። የሠርጉን ትቼ የቤቴን የአንድ ዓመት ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ከፍቼ አንድ ባንድ አየሁ። አብዛኛው ከ35 እስከ 50 ባለው መካከል ወደቀ፤ ለቤቴ 24ንም 70ንም የነካሁት ከስንት አንዴ ነው። ሁለተኛው ዘዴ ፕላስተር ነው። ከባዱን ሌንስ 50 ላይ አድርጌ እንዳይዞር በፕላስተር አሠርሁትና አንድ ሳምንት በዚያው ብቻ አነሣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ 40 አካባቢ አዞርሁት።

ልዩነቱ በሜትር ሊነገር ይችላል። ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ካሜራውን አግድም ይዘው ሲያነሡ፣ ባለ 24ቱ ሌንስ 4.5 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ ባለ 40ው 2.7 ሜትር፤ ባለ 50ው 2 ሜትር ከ16 ሴንቲሜትር። የእናቴ ረከቦት፣ እናቴ ራስዋና ልጁ አንድ ላይ ሁለት ሜትር አይሞሉም። ስለዚህ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ካስደገፍሁ 50ው ይበቃኛል። ክፍልዎ ከእኔ የሚጠብብ ከሆነ ግን 40ውን ይመርጡ ዘንድ እመክራለሁ።

ምርጫውን የቆረጠልኝ የብርሃን ነገር ነው። የእናቴ ቡና የሚፈላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአንድ አምፑል ብርሃን ነው። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ይልቅ 2.4 ጊዜ የሚያህል ብርሃን ያስገባል። በ1/50 ሴኮንድ ይነሣ የነበረው በ1/120 ሴኮንድ ገደማ ይነሣል ማለት ነው። ሲኒ ስታቀብል እጅዋ ተደበላልቆ እንዳይወጣ የሚያደርገው ይህ ነው። ዋጋውም ከሁሉ ዝቅ ያለ ነበር። እንዲህ ሆኖ ባለ 50ውን ገዛሁ፤ አንገቴ ላይ ያለውም ሸክም ከ1,695 ወደ 1,050 ግራም ወረደ።

ያጣሁትንም ልደብቅዎ አይገባም። ከባዱ ሌንስ ውሃና አቧራ እንዳይገባበት ተደርጎ ታሽጓል፤ ትንሹ እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም፤ በክረምት ከቤት ስወጣ ፌስታል እይዝለታለሁ። በኤፍ 1.8 ሲያነሡ የፎቶግራፉ ዳርና ዳር እንደ መሀሉ አይጠራም። ደግሞም ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 10 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የእናቴ ዓይን ሲጠራ ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ይደበዝዛል። ሁለቱንም ስፈልግ ቀዳዳውን አጠብባለሁ፤ ያን ጊዜ ያተረፍሁትን ብርሃን መልሼ እከፍላለሁ። ማቅረብና ማራቅም የእጄ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የእግሬ ሆኗል። ሁሉን አሟልቶ ቀላል የሆነ ሌንስ ይገኛል የሚልዎ ሻጭ ቢኖር አይመኑት።

ያልጠበቅሁት ጥቅም ግን አንድ አለ። ያ ትልቁ ሌንስ ፊቱ ላይ የሚጠለቀው ማጣሪያ ብቻ 82 ሚሊሜትር ስፋት አለው። እናቴ እርሱን ስታይ ሥራዋን ታቆምና ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ ጀርባዋን ታቀናለች፤ «ዛሬ ደግሞ የማን ሠርግ ነው?» ትለኛለች። በዚያም ላይ የሚነሣው እናቴ ሳትሆን የእናቴ የክት ፊት ነው። ትንሹን ሌንስ ስይዝ ግን ቀና ብላ አይታኝ ወደ ጎመንዋ ትመለሳለች። የዘወትር ፊትዋን ያገኘሁት በዘወትሩ ሌንስ ነው።

የእርስዎ ካሜራ ሌላ ዓይነት ቢሆንም ወንድሙን አያጡም። ባለ መስተዋት ላልሆነው ለአዲሱ የካኖን ወገን 160 ግራም የሚመዝን ባለ 50 ኤፍ 1.8 አለ፤ ለኒኮን ዜድ 170 ግራም የሆነ ባለ 40 ኤፍ 2 አለ፤ ለሶኒም 120 ግራም ብቻ የሆነ ባለ 35 ኤፍ 2.8 ተሠርቷል። ከመግዛትዎ በፊት ግን ካሜራዎን ሚዛን ላይ ያስቀምጡ፤ የድሮ ፎቶግራፍዎን ያገላብጡ፤ በፕላስተርም አንድ ሳምንት ይሞክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ሌንስ የቱ ነው ብለው ሰው አይጠይቁ። ማክሰኞ ማታ ደክሞኝ ስገባ አንሥቼ የምይዘው የቱ ነው ብለው ራስዎን ይጠይቁ።

ትከሻዬ ፈጽሞ ዳነ አልልዎትም፤ ሠርጉ አሁንም አለ፤ ከባዱንም ሌንስ አልሸጥሁትም። እርሱ እንደ ጥሩ ጥበብ ልብስ በሣጥኑ ተቀምጦ ቅዳሜን ይጠብቃል። ከእሑድ እስከ ረቡዕ ይዘልቅ የነበረው ሕመም ግን አሁን ሰኞን አያልፍም፤ ማክሰኞ ማታ እናቴ ከሰሉን ስታቀጣጥል ካሜራው ከአጠገቤ ነው።